ከካምፕ ወደ ክፍል፦ ለሳቢያኑ ሃምሳ አለቃ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 28 ነው። ሰባት ዓመት በመከላከያ አገልግዬ በሃምሳ አለቃ ማዕረግ በክብር ተሰናብቻለሁ። የድሬ ልጅ ነኝ፤ አሁን ሳቢያን ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ዘንድሮ እዚሁ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ጀመርኩ። ትምህርቱን እችለዋለሁ። ቦታው ነው የእኔ አልመስለኝ ያለው። የክፍሌ ልጆች 19 እና 20 ዓመት ቢሆናቸው ነው። «ጋሼ» ይሉኛል፤ እኔ ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። የቡድን ሥራ ሲሰጠን ሥራውን አከፋፍዬ ሰዓት ቀጠርኩ። ሁለቱ አርፍደው መጡ፤ ተቆጣሁ። በማግስቱ ወደ ሌላ ቡድን ሄዱ። አንድ አሳይመንት ደግሞ ሳላስገባ አለፈኝ፤ ለካ የተነገረው በቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ እኔ ግሩፑ ውስጥ የለሁበትም። የምቀመጠው መጨረሻ ረድፍ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ነው። በር በኃይል ሲዘጋ ልቤ ይዘላል። ሌሊት በቅጡ አልተኛም። አንድ ጓደኛዬ የመጋዘን ጥበቃ ሥራ አግኝቼልሃለሁ፣ ሌሊት ብቻ ነው ይለኛል። ሌላው ባለችህ ብር ባጃጅ ግዛ ይላል። ትምህርቱን ልተወው ይሆን? እውነቱን ይንገሩኝ።
— ሃምሳ አለቃው፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትተወው። «እርስዎ» የምትለኝን ደግሞ ተወው፤ ሁለታችንም የድሬ ልጆች ነን።

ይህን የምልህ ሌላ ሰው የነገረኝን ይዤ አይደለም። እኔም ወታደር ነበርኩ። በኤርትራው ጦርነት ጊዜ በመገናኛ ነው ያገለገልኩት፤ ሥራዬ ራዲዮ ነበር። ጦርነቱ አልቆ ሠራዊቱ ሲቀነስ ተሰናበትኩ። ሐረር ዘመድ ቤት ገብቼ ቀን እየሠራሁ ማታ ተማርኩ። አሁን እዚሁ ድሬ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ደብዳቤህን ሳነብ ስለ በሩ የጻፍከው ቦታ ላይ ቆም ብያለሁ። አውቀዋለሁ።

ሰው ሁሉ «ወታደር ዲሲፕሊን አለው፣ ትምህርት አይከብደውም» ይላል። ላንተም ብለውህ ይሆናል። እውነትነት አለው፤ ግን ትልቁን ነገር ይረሳል። ሠራዊት ቤት ዲሲፕሊን ማለት የተነገረህን በሰዓቱ መፈጸም ነው። መቼ እንደምትነሳ፣ መቼ እንደምትበላ፣ ማን ተረኛ እንደሆነ ይነገርሃል። ፊሽካ ይነፋል። በቁጥር ሰዓት ስትጠራ «አቤት» ካላልክ ጋንታ መሪው ፈልጎ ያገኝሃል። ኮሌጅ ውስጥ ግን የሚፈልግህ የለም። ብትቀር ቀረህ፤ መዝገቡ ላይ ይጻፍብሃል፣ ያልቃል። ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ መልእክት ቴሌግራም ላይ ይጣላል። ያየ አየ፣ ያላየ አላየ።

አሳይመንቱ ያለፈህ ሰነፍ ስለሆንክ አይመስለኝም። ሰባት ዓመት ሙሉ አስፈላጊ ነገር ሁሉ አንተ ወዳለህበት ሲመጣ ኖሯል። አሁን አንተ ወደ እሱ መሄድ አለብህ። ስለዚህ ከሌላው ሁሉ በፊት አንድ ነገር ልመድ፤ መጠየቅ።

ቀላል ይመስላል። ለእኛ ግን ቀላል አይደለም። ትዕዛዝ ተሰጥቶ «ግልጽ ነው?» ሲባል «ግልጽ ነው!» ነው የምንለው። ያልገባው ሰው እንኳ አብሮ ይጮኻል፤ ከዚያ ጎኑ ያለውን እያየ ይሠራል። ብዙ የሚጠይቅ ሰው ወይ ፈሪ ወይ አስቸጋሪ ይባላል። ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ሲል ሁሉም ዝም ካለ ገብቷቸዋል ብሎ ወደሚቀጥለው ስላይድ ያልፋል። እዚያ ላይ ዝም ያለ ሰው ሚድ ላይ ይከፍላል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ጀምር። የክፍሉን ተወካይ ፈልገህ «ግሩፑ ውስጥ አስገባኝ» በለው። መምህሩ ዘንድ ሂድና «አሳይመንቱ አልፎኛል፣ አሁን ባስገባ ይቀበሉኛል?» በል። ረጅም ምክንያት አትደርድር፣ ስለ ሠራዊት አታንሳ፤ እንደ ማንኛውም ተማሪ ጠይቅ። እምቢ ቢልህ እንኳ ስምህንና ፊትህን ያውቃል፤ ሌላ ጊዜ ይጠቅምሃል። ሬጅስትራር ሄደህ የክፍያ፣ የምዝገባ፣ የፈተና ቀኖቹን ጠይቀህ በወረቀት ጻፋቸው። ኮርስ መጨመርና መቀነስ የሚቻልበት ቀን ካለፈ ማንም አይሰማህም፤ እሱንም አብረህ ጠይቅ።

እግረ መንገድህን አንድ ሌላ ነገር ጠይቅ። ይህን የምለው ከሠራዊት ይዘው የወጡትን ብር ለማይረባ ኮሌጅ የከፈሉ ልጆች ስለማውቅና ስለምናደድ ነው። የኮሌጁ የዕውቅና ፈቃድ አንተ የምትማረውን ትምህርት፣ አንተ በምትማርበት ካምፓስ፣ አንተ በምትማርበት መርሐ ግብር የሚያካትት መሆኑን አረጋግጥ። ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለየትምህርት መስኩና ለየካምፓሱ ነው። በቀን የተፈቀደ በርቀት ላይፈቀድ ይችላል። ወረቀቱን ማየት መብትህ ነው፤ ከተጠራጠርክ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቅ። ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዘው የመውጫ ፈተናውን ያለፈ ነው፤ ማለፊያው ከ100 ውስጥ 50 ነው። የግሉም የመንግሥቱም ተማሪ ያው ፈተና ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመት ደብተርህን እንዳትጥል።

ስለ ደብተር ካነሳን አይቀር የራሴን ላሳይህ። መገናኛ ላይ የራዲዮ መዝገብ ነበረን። ገጹ በማስመሪያ ተከፍሏል፦ ሰዓት፣ ከማን፣ መልእክቱ፣ ማን እንደተቀበለው። ሌሊት ባትሪውን በመዳፌ ሸፍኜ፣ በጣቶቼ መካከል በምታልፈው ብርሃን ነበር የምጽፈው። አንድ መስመር ከተዘለለ ጠዋት መዘዝ አለው። ማታ ትምህርት ስጀምር ሌላ አጻጻፍ ስለማላውቅ ደብተሬን እንደዚያው አሰመርኩት። ሰዓት፤ መምህሩ ያለው፤ ምሳሌው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጠባብ መስመር ትቼ «ያልገባኝ» አልኩት። ክፍል ስንጨርስ ያቺን መስመር ብቻ አያለሁ። ባዶ ካልሆነች መምህሩ ከመውጣቱ በፊት አንዷን እጠይቃለሁ። አንዷን ብቻ። ሌላውን ከጎኔ ያለውን ሰው። አንተም ሞክረው። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ከከበደህ በዚያች መስመር ጀምር፤ ጥያቄህ ተጽፎ ስለሚጠብቅህ ሲጠሩህ አይጠፋብህም።

አሁን ወደ ልጆቹ። የተቆጣህበትን ምክንያት እኔ እረዳዋለሁ። ካምፕ ውስጥ አንድ ሰው አረፈደ ማለት ሌላው በእሱ ቦታ ጥበቃ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ቦታው አደገኛ ከሆነ ደግሞ መዘዙን ታውቀዋለህ። አንተ ያንን ነው የተቆጣኸው። ልጆቹ ግን ይህን ከየት ያውቁታል? ለእነሱ የተገናኛችሁት አምስት ገጽ ለመጻፍ ነው። የቀጠርካቸው ሰዓት ስንት እንደነበር አልጻፍክልኝም። ከምሳ በኋላ ከሆነ ግን የከተማውን ጸባይ አስታውስ። ድሬ በዚያ ሙቀት ሱቁም ይዘጋል፣ ሰዉም ይጋደማል። በስምንት ሰዓት ቀጥረህ ሰው በሰዓቱ መጠበቅ ይከብዳል። አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከዚራ ከዛፎቹ ሥር ሻይ ቤት ቅጠራቸው፤ ይመጣሉ።

ሁለቱን ልጆች አግኝተህ «ያን ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌባችኋለሁ፣ ይቅርታ» በላቸው። ከዚህ በላይ አታብራራ። በሚቀጥለው የቡድን ሥራ መሪነቱን ለሌላ ተወው። የምትይዘው የራስህን ድርሻ ብቻ ይሁን፤ እሱን ግን ከቀኑ ቀድመህ ጨርስ። አንተ ውስጥ ያለው ጨራሽነት በሁለት ሳምንት ይታያቸዋል፤ በሦስተኛው ራሳቸው ና ምራን ይሉሃል። ያኔ ከመራህ ይሰሙሃል።

«ጋሼ» ማለታቸው አይክፋህ። ስድብ አይደለም። ዝም የሚሉት ስለጠሉህ ነው ብዬ አላስብም፤ ምን እንደሚሉህ አያውቁም። ዝምታውን የምትሰብረው አንተ ነህ፤ እሱም በመጠየቅ ነው። እነሱ የሚያውቁትን አንተ የማታውቀው ነገር ሞልቷል። «ይሄን ኤክሴል አሳየኝ እስቲ» በለው አንዱን። የ19 ዓመት ልጅ አንድ ሃምሳ አለቃ አስተምረኝ ሲለው የሚሰማውን አስበው። እኔን አልጀብራ ያስተማረችኝ በዕድሜ በጣም የምታንሰኝ ልጅ ነበረች። ሐረር መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ በደብተሯ ጀርባ ላይ፣ «አይ እቴ፣ ምልክቱን ቀይሪው እንጂ» እያለች። ዛሬም ከእሷ ጋር እንጠያየቃለን።

የጦር ሜዳ ታሪክ እንድታወራላቸው ቢወተውቱህ ግዴታ የለብህም። «ሌላ ጊዜ» በል። ማውራት የምትፈልግበትን ቀንና ሰው አንተ ምረጥ።

አንዳንዱ ደግሞ «ወታደርና ብዕር ምን አገናኛቸው» ይልሃል። የእኛ አገር ሰው ይህን ሊል አይገባውም። ሐረር ላይ በ1950ዎቹ የነበረው የጦር አካዳሚ እጩ መኮንኖችን ሦስት ዓመት ሲያሠለጥን ከውትድርናው ጎን ቀለምም ያስተምር ነበር፤ አሠልጣኞቹ የሕንድ መኮንኖች ነበሩ። እዚህ ምድር ላይ ወታደር ደብተር ይዞ መቀመጡ አዲስ ነገር አይደለም።

ስለ በሩና ስለ እንቅልፉ ሳልሸፋፍን ልንገርህ። ሰውነት ለዓመታት የለመደውን በአንድ መሸኛ ደብዳቤ አይተውም። በር ሲመታ መደንገጥህ፣ ጀርባህን ለግድግዳ መስጠትህ፣ ሌሊት ጆሮህ ክፍት መሆኑ ጠብቆ አቆይቶህ ነበር። አሁን ግን ያደክምሃል። መጨረሻው ረድፍ ላይ ግን አትቀመጥ፤ እዚያ ወሬው፣ ስልኩ፣ መግቢያ መውጪያው ይበዛል። ከጎን ግድግዳ አጠገብ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ረድፍ፣ በሩ በሚታይህ በኩል ያዝ። ግድግዳውም አለልህ፣ በሩንም ታያለህ፣ መምህሩንም ትሰማለህ። እኔ እስክመረቅ እንደዚያ ነው የተቀመጥኩት።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የምትነቃ ከሆነ አልጋ ላይ አትገላበጥ፤ ተነስና አጥና። ድሬ ውስጥ ከንጋት እስከ ሁለት ሰዓት ያለው አየር እኩለ ቀን ላይ በምንም አይገኝም። ከዚያ ማታ በጊዜ ተኛ።

ጫቱን ግን ፍራው። «ለጥናት ነው» ብለው ይጠሩሃል። የአወዳይ ጫት ደጃችን ድረስ ይመጣል፤ በርጫውም በየቤቱ ነው። እኔ ማንንም ለመስደብ አይደለም፤ ያደግንበት ባህል ነው። ግን እንቅልፍ ላጣ ሰው ጫት ማለት ያለችውን እንቅልፍ መሸጥ ነው። ያ ምርቃና ሌሊቱን ይወስድብሃል፤ እሱን ለማብረድ ደግሞ ጨብሲ፣ ማለትም መጠጡ፣ ይመጣል። ከሠራዊት የወጡ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች በዚህ መንገድ ሲሄዱ አይቻለሁ፤ አንጀቴ ያራል።

ድንጋጤውና ቅዠቱ ከወር በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ሰው ላይ እጅህን ልታነሳ ከደረስክ፣ ወይም መኖር አስጠላኝ የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ካርድ አውጥተህ እንደ ማንኛውም በሽተኛ ትታያለህ። ጸበልም ሂድ፣ ዱዓም አስደርግ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ጥይት የመታው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ማን ያፍራል?

ገንዘቡን በአጭሩ። የሌሊት ጥበቃውን አትቀበል። እንቅልፍህ ሊመለስ ሲል ሰውነትህን እንደገና ለሌሊት ዘብ ታቆመዋለህ፤ ቀን ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለህ። ባጃጁም ለመጀመሪያው ዓመት ይቅር። ለሾፌር ሰጥተህ የዕለት ገቢ ትቀበላለህ ይሉሃል፤ ጎማ የሚፈነዳው፣ ትራፊክ የሚይዘው፣ ሾፌሩ የሚጠፋው በፈተና ሳምንት ነው። የዓመቱን ክፍያ ለይተህ ባንክ አስቀምጥ። ለቤተሰብ የምትልክ ከሆነ ልክ አብጅለትና ንገራቸው፤ ደመወዝ እንደቆመ ካልተነገራቸው አያውቁም። ሥራ የግድ ከሆነ ቅዳሜና እሁድ ታይዋን ወይም አሸዋ ገበያ ያሉ ነጋዴዎችን ዞረህ «ሒሳብ መዝገብ ልያዝላችሁ» በላቸው። ዕቃ መቁጠር፣ ገቢና ወጪ መጻፍ ታውቅበታለህ። የምትማረውም እሱኑ ነው። እዚህም ካልጠየቅክ ና የሚልህ የለም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ጻፍልኝ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ሐረር የምማር ተማሪ ነኝ። ከጁገል ውጭ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ክፍል የተጋራሁት ልጅ የቀድሞ ወታደር ነው። ጥሩ ሰው ነው። ሌሊት ግን በእንቅልፉ ይጮኻል። አንድ ቀን ላነቃው ስነካው እጄን ጨምድዶ ያዘኝ፤ በጣም ፈራሁ። ጠዋት ምንም አላስታውስም አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ በእንቅልፉ ሲጮህ አትንካው። ከአልጋው ራቅ ብለህ፣ ከተቻለ ከእግሩ በኩል ቆመህ፣ መብራት አብራና በስሙ ጥራው። «እኔ ነኝ፣ ሐረር ነን፣ ቤት ነህ» በለው። ዝግ ባለ ድምፅ፣ ደጋግመህ። እስኪነቃ ቦታህን አትልቀቅ፤ ሲነቃ ውኃ ስጠው። ምን አየህ ብለህ ግን አትጠይቀው።

ጠዋት አትሳቅበት፤ ለክፍል ልጆችም አታውራው። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ግን አንድ ጊዜ በግልጽ ንገረው፦ «ሌሊት ትጮኻለህ፣ አንድ ቀን እጄን ይዘኸኛል፣ እንዴት ላንቃህ?» የሚሻለውን ራሱ ይነግርሃል። በዓል ሲደርስ ርችት እንደሚተኮስ ካወቅህ ቀድመህ ንገረው። ሐኪም ማየት ከፈለገ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው፤ ብቻውን መሄድ ከከበደው አብረኸው ሂድ።

አንተም ሰው ነህ፤ መተኛት አለብህ። የፈተና ሳምንት ካስቸገረህ ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት እደር፤ ለምን እንደሆነ ግን ከመሄድህ በፊት ለእሱ ንገረው፣ የሸሸኸው እንዳይመስለው።